ኮከቡ ያሞቀው ዓይን

ወለል ለማሞቅ ስብሰባ ይጠራል ቢሉት ደቻሳ ያሾፉበት ይመስለው ነበር። በሰባ ስድስት ክረምት ግን ያንንም አየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዊንጌት ወደ እንጦጦ ግርጌ በሚወጣው መንገድ፣ ባሕር ዛፉ መሐል፣ የአንድ የድሮ ባላባት ቪላ ነበር። ከተወረሰ በኋላ ስንት ዓመት ባዶውን ከረመና ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የሚመጡ የውጭ እንግዶች ይረፉበት ተባለ። እንግዶቹ ከበረዶ አገር የሚመጡ ናቸው፤ የጉለሌ ብርድ እነሱን ምን ያደርጋቸዋል ብሎ የጠየቀ የለም። ይልቅ አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከነቧንቧው መጣ። ወለሉ ተቆፈረ፣ ቀጭን ቧንቧ እንደ አንጀት ተጠማዞ ተዘረጋበት፣ ሲሚንቶ ፈሰሰበት፣ በሲሚንቶው ላይ እብነ በረድ ተነጠፈ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጓሮ ያለው ቦይለር ውሃ ያሞቃል፤ ፓምፑ ሙቁን ውሃ በወለሉ ሥር ያዞረዋል፤ እንግዳው ከአልጋው ወርዶ በባዶ እግሩ ሲረግጥ ይሞቀዋል። ከአጥሩ ማዶ ያለው ሕዝብ በዚያው ክረምት ለከሰል ወረፋ ይጋፋ ነበር። እሱ እንግዲህ በመፈክር ይሙቅ።

ደቻሳ የዚህ ቤት ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሱሉልታ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ከተማ የወረደ፣ ሙያውን ከአንድ ጣሊያን ሥር ሆኖ የለቀመ፣ ሃምሳ አራት ዓመቱን የደፈነ ሰው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን በዋዛ አይከፈትም። የሚንቀውን ሰው በዝምታ ነው የሚንቀው፤ የሚንቃቸው ደግሞ ብዙ ነበሩ። አብዮቱ ከፈነዳ ጀምሮ አሥር ዓመት ሙሉ ስብሰባ ተቀምጧል፤ ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ላይ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እጁን አውጥቶ አልተናገረም። ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ መሰለች «ምን ተባለ?» ትለዋለች።

«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ይላታል። ሪፖርቱ ይኸው ነው።

ዝም የሚልበት ሌላም ምክንያት ነበረው። ባልና ሚስቱ ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ የቀበሌ እህል መጋዘን ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥር ምእመናን ዊንጌት ጀርባ እነ ደቻሳ ቤት አንድ ሁለት እያሉ ይመጣሉ፤ ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት እማማ ሳቢት ናቸው። በሹክሹክታ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፣ አንድ ሁለት እያሉ ይወጣሉ። መጽሐፍ ቅዱሶቻቸውና የመዝሙር ደብተሮቻቸው ግቢው ጥግ በወደቀ አሮጌ የውሃ ማሞቂያ በርሜል ውስጥ ይቀመጣሉ። ክዳኑ በስምንት ቡሎን ይታሰራል፤ የቡሎኑ መፍቻ ከደቻሳ ኪስ አይወጣም። ቧንቧ ሠራተኛ ግቢ አሮጌ በርሜል ቢታይ ማን ምን ይላል። ደቻሳ ከታሰረ ግን ቤቱ ይፈተሻል፤ ቤቱ ከተፈተሸ በርሜሉ ይከፈታል፤ በርሜሉ ከተከፈተ ደግሞ የአሥር ሰው ስም በየደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በራሱ በባለቤቱ እጅ ተጽፎ ይገኛል። ይህን እሱም ያውቃል፣ መሰለችም ታውቃለች፤ ሁለቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ያስታውሱታል።

የእንግዳ ማረፊያው ኃላፊ ጓድ ጉልላት ይባላል። ዕድሜው ለደቻሳ ልጅ ይሆናል። ሆቴል ገብቶ ያደረው ለሴሚናር ናዝሬት በሄደበት ሳምንት ብቻ ነው፤ ግን ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ጉለሌ ሲመጣ ስለ ሆቴል የማያውቀው ነገር አልነበረም። ደቻሳን አንተ ይለዋል፤ ደቻሳ እርስዎ ይለዋል። ይህ እኩልነት ይባል ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጀርመናዊው በድንገት ተጠርቶ አገሩ ገባ። የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ገና ከካርቶኑ አልወጣም ነበር። ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ደቻሳን ቦይለር ክፍል ወስዶ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ እየሣለ አስተማረው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፤ ግን ሁለት ሙያተኞች ናቸው፤ በእጅ ተግባቡ።

መቆጣጠሪያው የጫማ ካርቶን የሚያህል ግራጫ ብረት ሣጥን ነው። ከሱ ሁለት ሽቦ ይወጣል። አንዱ ወደ ወለሉ በሚሄደው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ላይ ይታሰርና ውሃው ስንት ዲግሪ እንደሆነ ለሣጥኑ ይነግረዋል። ሌላው ግድግዳ በስቶ ይወጣና የክብሪት ቤት የምታክል ነጭ ዕቃ ላይ ያልቃል። ያቺ ዕቃ በሰሜን በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ከቤት ውጭ ትመታለች፤ የውጭውን ብርድ የምታየው እሷ ናት። ጀርመናዊው ዓይኑን በጣቱ እየነካ ነበር ያስረዳው፤ ደቻሳም ዓይን አላት፣ ስሟ በዚያው ቀረ። ዓይኗ ብርድ ካየች ሣጥኑ ቫልቩን ይከፍታል፣ ወለሉም ይሞቃል፤ ዓይኗ ሙቀት ካየች ቫልቩን ይዘጋል። ሣጥኑ ፊት ላይ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር ያላት መዘውር አለች፤ ኃይሉን የምትወስን። ጀርመናዊው ሦስት ጣቱን አሳየ። ከዚያ በላይ ቢዞርስ ብሎ ደቻሳ በምልክት ሲጠይቀው ሰውየው ሁለት መዳፉን ገጥሞ እንደሚሰነጠቅ ነገር ለያያቸውና ራሱን ነቀነቀ።

ደቻሳ ብቻውን ተከለው። ሣጥኑን በውኃ ልክ አስተካክሎ ግድግዳው ላይ በብሎን አሰረ፤ የቧንቧውን ሽቦ በላሜራ ቀበቶ አስሮ በጨርቅ ጠቀለለ፤ ሰሜኑን ግድግዳ በስቶ ዓይኗን ጥላ ሥር መታት። በቧንቧው ውስጥ የቀረውን አየር በየመስመሩ እየከፈተ እስኪያስነጥስ ድረስ አስወጣ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለውን ተረት ጣሊያኑ አለቃው እንኳ ከሱ አፍ ተምሮት ነበር። ሲሚንቶው እንዳይደነግጥ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ስምንት ቀን አሞቀው። በዘጠነኛው ቀን ጫማውን አውልቆ ሳሎኑን ከዳር ዳር ተራመደበት። ሙቅ ነው፤ ለብ ያለ፣ ደግ ሙቀት። ለማን እንደሆነ ለጊዜው ረሳውና ደስ አለው።

ጓድ ጉልላት ሊጎበኝ መጣ። ወለሉን አልነካም። በቀጥታ ሣጥኑ ፊት ቆሞ ቁጥሩን አነበበ።

«ሦስት?» አለ። «ከስንት?»

«ከአሥር፣ ጓድ።»

«ለአሥረኛው ዓመት በዓል ሦስት? እንግዳው ይህን አይቶ ምን ይላል? ኢትዮጵያ ሠላሳ በመቶ ላይ ናት ይላል። አሥር አድርገው።»

«ጓድ፣ ከሦስት ካለፈ እኮ እብነ በረዱ ይሰነጠቃል።»

«አብዮቱ ስንቱን አልፎ መጥቶ እብነ በረድ ይፈራል? አሥር አልኩህ።»

ደቻሳ፣ ጉልላት ሲወጣ ካቻቪቴውን አወጣ፤ የመዘውሯን ብሎን አላላ፤ ከሥሯ ያለው ዘንግ ሦስት ላይ እንዳለ መዘውሯን ብቻ አዙሮ አሥር ላይ አስቀመጠና መልሶ አጠበቃት። ማየት ለሚወድ አሥር፣ ለወለሉ ሦስት። በማግስቱ ጉልላት ሁለት ጓዶች አስከትሎ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ መዳፉን እብነ በረዱ ላይ ጣለ።

«ይኸው፣ ልዩነቱ አይታያችሁም?» አላቸው።

ጓዶቹም ጎንበስ ብለው ነኩ፤ ታየን አሉ። ደቻሳ ያን ማታ ለመሰለች ሲያወራት እስኪያነባ ሳቀ። ቆይቶ ይኸ ሳቅ ነበር የቆጨው።

ነሐሴ አሥራ አምስት ላይ ኮከቡ መጣ። የቤቱ ሰሜን ግድግዳ በሩን ስለሚያይ፣ እንግዳ ገና ሲገባ የሚታየው ኮከብ ይሁን ተብሎ፣ የግቢው ኤሌክትሪሻን ግዛቸው ሁለት ሰው ቁመት ያለው የብረት ኮከብ ሠራ፤ ቀይ ቀባው፤ ዙሪያውን አርባ አምፖል ሰካበት፤ በግድግዳው ላይ ሰቀለው። ከአርባው አራቱ አምፖል ያችን ነጭ ዕቃ፣ የደቻሳን ዓይን፣ ዙሪያዋን ከበቧት። ደቻሳ በዚያ ሲያልፍ አየ። ቀን ነው፣ አምፖሉ አልበራም። ብረት ነው ምን ያደርጋታል አለ በልቡ፤ ደግሞም የዚህ ኮከብ ነገር ከናቃቸው ነገሮች ሁሉ ዋናው ነበርና ቀና ብሎ ሊያስብበት እንኳ አልፈለገም። ምን አገባኝ ብሎ አለፈ። ንቀት አንዳንዴ እንዲህ ያሳውራል፤ እጁ ወርቅ የሆነውንም ሰው።

በዚያው ሰሞን ጉልላት ለሙከራ ብሎ ዋናው የእንግዳ ክፍል ገብቶ ማደር ጀመረ። ለሙከራው ሁለት ብርድ ልብስና ሬዲዮ አስገባ። በሦስተኛው ጠዋት ደቻሳ ሥራ ሲገባ ጉልላት በካልሲ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

«ወለሉ በረዶ ነው» አለው።

ደቻሳ ቦይለር ክፍል ገባ። ቦይለሩ ይነዳል፣ ፓምፑ ይዞራል፣ ቫልቩም ክፍት ነው። ምንም ጉድለት የለም። አራት ሰዓት ሲሆን ወለሉ ለብ አለ። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደገና በረዶ፤ አራት ሰዓት ላይ እንደገና ሙቅ። በሦስተኛው ቀን ጉልላት ካልሲውን ትቶ ቡትስ ጫማውን አጥልቆ ጠበቀው።

«ቁጭ በል» አለው፤ መቀመጫ ግን አልነበረም። «አንተ ስትኖር ይሞቃል። አንተ ስትሄድ ይበርዳል። የቦይለር ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነው፣ ጓድ።»

«ይህ ነገር ስም አለው። አሻጥር ይባላል። ዓርብ ከበላይ አካል የሚመጡ ጓዶች ቤቱን ይረከባሉ። ረቡዕ በውይይት ክበባችን ፊት ቆመህ ወለሉ ለምን እንደሚበርድ ታስረዳለህ። ካላስረዳህ የሚያስረዱህ ሌሎች ናቸው።»

ያች ቃል ምን እንደምታደርግ ደቻሳ ያውቃል። ጥር ላይ አንድ የጄኔሬተር ሠራተኛ በዚችው ቃል ተወስዶ ነሐሴም ሲያልቅ ሚስቱ ስንቅ የምታደርስበት ቦታ እንኳ አልተነገራትም ነበር። መዘውሯን የፈታ ደግሞ ከሥሯ ሦስት ላይ የቀረውን ዘንግ ያገኛል፤ ያን ማታ የሳቀው ሳቅ ቆጨው። ፊቱ የመጣው እስር ቤት አልነበረም፤ ያ ስምንት ቡሎን ነበር።

ሰኞ ወደ ቤቱ አልሄደም። ሥራ ከወጣ በኋላ ቦይለር ክፍል ተቀምጦ ቫልቩን አፍጥጦ አየ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግዛቸው ማብሪያውን ተጫነ፤ ኮከቡ በራ፤ ግቢው ቀላ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ የቫልቩ ትንሿ ሞተር ዝዝ ብላ ቫልቩን ዘጋችው። ደቻሳ ተነሣ። ቴርሞሜትሩን ይዞ ወጣና በሩ አጠገብ ለካ፤ አሥራ አንድ ዲግሪ። መሰላል አቁሞ ዓይኗ ጎን ለካ፤ ሠላሳ ሦስት። አራቱ አምፖሎች እንደ ምድጃ ያነዷታል። ኮከቡ ከማታ እስከ ጠዋት ይበራል፤ እሷም ሌሊቱን ሙሉ ጉለሌን ድሬዳዋ አድርጋ ታያታለች፤ ሣጥኑም ባመነው መሠረት ይዘጋል። ጠዋት ኮከቡ ሲጠፋ ዓይኗ ትበርዳለች፣ ቫልቩ ይከፈታል። ይኸው ነው። በዓይኗና በአምፖሎቹ መሐል የጠፋች የአንድ ክንድ ርቀት ነበረች ያን ሁሉ ያመጣችው።

ግዛቸው መሰላሉ ሥር ቆሞ ያየዋል።

«ግዛቸው፣ እነዚህን አራቱን አምፖል ብቻ ንቀልልኝ» አለው።

«ከኮከቡ?»

«አዎ፣ አራቱን።»

«ጥርስህን ንቀል በለኝ፣ ወንድሜ። ልጆች አሉኝ። ነገ ኮከቡ ጎዶሎ ነው ሲባል ማን ነቀለው ይባላል?»

«እሺ ዓይኗን ልንቀላትና ወደ ጓሮ ልውሰዳት።»

«እሱ ያንተ ነው። ግን በፕላኑ ላይ ሰሜን ግድግዳ ተብሎ ተፈርሞበታል አሉ። ጓድ ጉልላትን ጠይቅ።»

ማክሰኞ ጠየቀው። ወለሉ የሚበርደው በኮከቡ ነው አለው፤ ነገሩን ሳያዞር፣ እንደ ሙያተኛ፣ በቁጥር አስረዳው። የጉልላት ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ።

«የአብዮቱ ኮከብ ነው ቤቱን ያበረደው እያልከኝ ነው?»

«አምፖሎቹ ናቸው፣ ጓድ።»

«ይህን ያልከውን ረቡዕ በክበቡ ፊት ትደግመዋለህ» አለውና ብዕሩን አንሥቶ አንድ ነገር ጻፈ።

በሉ እንግዲህ ፍረዱ። ዕቃዋን አንድ ክንድ ገለል ለማድረግ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ፊርማው እንዲገኝ ምክንያቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን የተናገረ ይታሰራል፤ ያልተናገረም ወለሉ ይበርድና ይታሰራል። ይህን የመሰለ ወጥመድ ብልህ ሰው ተቀምጦ ቢያስብ አይሠራውም። ደንቆሮዎች ናቸው ሳያስቡት የሠሩት።

ያን ማታ መሰለች እራት አቅርባለት አልበላም። ነገራት።

«ቡሎኑን ፍታና እናቃጥላቸው?» አለች፣ ዝቅ ብላ።

«የሰውን መጽሐፍ ቅዱስ?»

መሰለች ያልተበላውን እራት አነሣች። ቆይታ «በነሱ ቋንቋ ንገራቸው» አለችው።

«እኔ ያን ቋንቋ አላውቅም።»

«አሥር ዓመት ስትሰማው ኖረህ? ታውቀዋለህ፤ ንቀኸው ነው።»

«እሱን ከምናገር ምላሴ ይቆረጥ።»

«አሥር ሰው ነው፣ ደቻሳ» አለች መሰለች።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠላሳው ሠራተኛ ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰበ፤ ወለሉ ሙቅ ስለነበር አንዳንዱ ያንቀላፋል። ጉልላት ስለ ንቃት አርባ ደቂቃ ተናገረ። ከዚያ ሂስና ግለ ሂስ ብሎ የደቻሳን ስም ጠራ። ደቻሳ ከኋላ ወንበር ተነሣ። በዚህ ቤት ድምፁን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ጓዶች» አለ። ቃሏ አፉ ውስጥ ጎረበጠችው። «ግለ ሂስ አለብኝ። ይህን መሣሪያ ስተክል የኮከባችንን ኃይል አሳንሼ ገምቻለሁ። መሣሪያው የወንድም አገር ወዛደር የሠራው ነው። ነገር ግን የኛን ኮከብ አያውቀውም። ኮከባችን ሲበራ በዓለም ላይ ብርድ የሚባል ነገር የቀረ ይመስለውና ሥራውን ያቆማል። በኮከባችን ፊት ቆሞ ብርድ አለ ብሎ ለመመስከር አልደፈረም።»

አንድ ሰው አጨበጨበ። ጉልላት ብዕሩን አስቀመጠ።

«ስለዚህ ጥፋቱ የኮከቡ አይደለም። ኮከቡ ላይ አምፖል ይጨመር ቢባል እንጂ ይቀነስ አይባልም። ይህ ዓይን ግን በኮከቡ ጥላ መሞቁን ትቶ ጓሮ ይውረድ፤ እዚያ ብርዱን ፊት ለፊት ይጋፈጥ።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እዚህ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ደግ ነበር። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ሠላሳ ሦስቱ ዲግሪ ልብስ ለብሶ ቀረበ እንጂ ውሸት የለበትም። ግን ያ ጭብጨባ ያልለመደ ሰው የጠጣው ጠጅ ሆነበት። አሥር ዓመት ከኋላ ወንበር ያጠራቀመው ቃል ሁሉ አንድ በአንድ፣ ሳይጠራው፣ መጣለት።

«ብርድ ምንድን ነው ጓዶች?» አለ፤ ድምፁ ሳይታወቀው ከፍ አለ። «ብርድ የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ ነው። ቀን በሥራ ስናባርረው ማታ ተደብቆ በበራችን ሥር ይገባል። እንደ ማንኛውም ፀረ አብዮት፣ የሚመጣው ስንተኛ ነው። እኛም ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እስክናውል አንተኛም።»

ግራ እጁን ጨብጦ አነሣ። ሠላሳ እጅ አብሮት ተነሣ። ያንቀላፉትም ነቅተው አነሡ። ጉልላት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ ዓይኑ በአብዮታዊ ዲሲፕሊን ወደ ጓሮው ግድግዳ እንዲዛወር። ደቻሳ መሰላሉን ሊያመጣ ሲነሣ ጉልላት ትከሻውን ያዘው።

«እንዲህ ያለ ጓድ መሐላችን ተደብቆ ኖሯል» አለ ለተሰበሰበው። «የውይይት ክበባችን መሪ ቦታ ክፍት ነው። ጓድ ደቻሳን የሚደግፍ።»

ሠላሳው እጅ ገና አልወረደም ነበር። ደቻሳ አልችልም ሊል አፉን ከፈተ፤ አሁን ደግሞ ቃል አጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል።

ዓይኗን ጓሮ ወስዶ ወጥ ቤቱ ጀርባ ሙቀት በማይደርስባት ቦታ መታት። ሥራው ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀው። ሐሙስ ጠዋት ወለሉ ሙቅ ነበር። ዓርብ ሰባት ሰዎች ከበላይ አካል መጡ፤ እስከ ጉልበት በሚደርስ ቡትስ፣ ጭቃቸውን ይዘው ገቡ፣ ክፍሎቹን ዞሩ። አንዱ እብነ በረዱ ያብረቀርቃል አለ። ጉልላት ሣጥኑ ፊት ወስዶ አሥር ቁጥርን አሳያቸው፤ ወደዱት። ጫማውን ያወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ የነካ አንድ ሰው አልነበረም። ሲሄዱ፣ በዚያ ሁሉ መከራ የሞቀውን ወለል መወልወል ለጽዳት ሠራተኞቹ ተርፏቸው ነበር።

በዚያው ቀን ቀበሌው በር ላይ ካለው ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። አርአያ ጓድ ይላል፤ ከሥሩ የደቻሳ ስም ከነአባቱ አለ። ግዛቸውም በበኩሉ ማታ ጠጅ ቤት ቁጭ ብሎ ንግግሩን ከነድምፁ፣ ከነእጁ፣ ለጠጪው ሁሉ ሲደግም አመሸ፤ ወሬውም ሳይነጋ ዊንጌት ጀርባ ደረሰ።

ቅዳሜ መጣ። መሰለች ቤቱን ጠረገች፤ አግዳሚዎቹን አወጣች፤ መጋረጃውን ዘጋች። ስምንት ሰዓት አለፈ። ስምንት ተኩል ሆነ። ደቻሳ ሁለቴ ወደ በር ወጣና ሁለቴ ተመለሰ። ዘጠኝ ሰዓት ሲል በሩ ተንኳኳ፤ እማማ ሳቢት ናቸው። ገቡ፤ ግን ነጠላቸውን አላወረዱም፤ አግዳሚው ላይም አልተቀመጡም።

«ይቀመጡ እንጂ እማማ» አለቻቸው መሰለች።

«አልቆይም ልጄ። ደብተሬን ልወስድ ነው የመጣሁት። የሌሎቹንም አምጪልን ብለውኛል።» እጃቸው ላይ ባዶ ዘንቢል አለ።

ደቻሳ ተነሥቶ ቆመ። ስለ ኮከቡ፣ ስለ አራቱ አምፖል፣ ስለ ሠላሳ ሦስቱ ዲግሪ ነገራቸው። ስለ በርሜሉ ነገራቸው። ከመሰለች በቀር ለሰው ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

«ስለናንተ ብዬ ነው እኮ፣ እማማ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አሉ እማማ ሳቢት። «ማንም ክፉ አላለህም። መናገርህን ሁሉም ተረድቶልሃል።»

«ታዲያ?»

ሴትየዋ ዘንቢላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«በጣም ቻልክበት፣ ልጄ» አሉት።

ደቻሳ መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ግቢው ወጣ። ያካፋ ነበር። በርሜሉ ሥር ተንበርክኮ ስምንቱን ቡሎን አንድ በአንድ ፈታ። መጻሕፍቱን አውጥቶ በዘንቢሉ ደረደረ፤ በላዩ ጎመን ጣል አደረገበት። ዘንቢሉን እስከ መንገድ ላድርስልዎ አላቸው።

«ተው፣ አብረን አንታይ» አሉ እማማ ሳቢት፤ ዘንቢላቸውንም አንሥተው ብቻቸውን ወጡ።

ደቻሳ ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ውስጡ የራሱና የመሰለች ሁለት ደብተር ብቻ ነው የቀረው። ቡሎኖቹን አጠበቀ፤ እጁን ጠረገና ገባ። መሰለች አግዳሚዎቹን ወደ ቦታቸው እየመለሰች ነበር።

«ረቡዕ ስብሰባ አለኝ» አላት። «መክፈቻውን የምናገረው እኔ ነኝ።»

መሰለች ምን እንደሚባል አልጠየቀችውም።